ቡልቡላ ላይ ቃሪያና ሚጥሚጣ ስተክል የደረሰብኝ

መጀመሪያ ከዘራሁት በርበሬ አንድም አልበቀለም። ጊዜው መጋቢት 2012 ነው፤ ኮሮና ገባ ተብሎ ሰው ሁሉ ቤቱ የተከተተበት ሰሞን። ሥራዬን ከቤት እየሠራሁ ስሰለች ከሰርቪሱ ጀርባ ያለችውን፣ የተሰበረ ወንበርና የብሎኬት ስባሪ የሚጣልባትን መሬት ቆፈርኩ። አራት ሜትር በሦስት ብትሆን ነው። ሰላጣውና ቆስጣው ወዲያው ቀና አለልኝ። ልቤ አበጠና «በርበሬማ ምን ያቅተኛል» ብዬ ከእናቴ ጓዳ አንድ እፍኝ ዛላ አምጥቼ ፍሬውን አራግፌ ዘራሁ። ውሃ አጠጣሁ፣ ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። አረሙ ብቻ ወጣ።

እናቴ ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች። «ክረምት ላይ ፀሐይ ጠፍቶ በምጣድ ለብ ለብ አድርጌ ያደረቅሁትን ነው እኮ የወሰድሽው!» ለወጥ የሚሆን በርበሬ ሁሉ ለዘር አይሆንም። በፀሐይ ብቻ የደረቀ የገበያ ዛላ ግን ይበቅላል፤ በኋላ ሞክሬዋለሁ፣ ከአሥሩ ስድስት ሰባቱ ወጥተውልኛል። ሲገዙ ሻጯን «ምጣድ ነክቶታል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፍሬው ቢጫነት ያለው ነጣ ያለ መሆን አለበት፤ ወደ ቡናማ ካደላ ወይ ሙቀት በልቶታል ወይ አርጅቷል። በፓኬት ከሚሸጠው ዘር ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን ሳታዩ አትግዙ። እኔ አንዴ ጊዜው ያለፈበት ተሽጦልኝ ከ40 ፍሬ የበቀሉት 3 ናቸው።

ወደ ዋናው ከመግባቴ በፊት፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለአዲስ አበባና ለመሰሎቿ ደጋ ከተሞች ሰው ነው። አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ግማሹን መዝለል ትችላላችሁ፤ እናንተን የሚያስቸግራችሁ ሌላ ነው። እኔ ያለሁበት ቡልቡላ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፣ አፈሩም መረሬ። ክረምት ላይ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ።

ደግሞ አንድ ነገር፤ ቃሪያና በርበሬ ሁለት ተክል አይደሉም። ሥራ ቦታ ያለች አንዲት ልጅ «የቃሪያ ዘር ነው የዘራሽው የበርበሬ?» ብላኝ ስቄ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ሰው እንደማያውቅ አየሁ። አረንጓዴውን ብትቀጥፉት ቃሪያ ነው፤ ብትተዉት ቀልቶ፣ ደርቆ በርበሬ ይሆናል። እርግጥ ዝርያ አለ፦ ለእሸት የሚመረጥ አለ፣ ለዱቄት የሚመረጥ አለ። ሚጥሚጣ ግን ዘመዳቸው ይሁን እንጂ ራሱን የቻለ ሌላ ተክል ነው፤ ፍሬው ትንንሽ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚቆም።

ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አሉ። ማረቆ ነው ተወልደው ያደጉት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ማረቆ ማለት በበርበሬ የታወቀ አገር ነው፤ «ማረቆ ፋና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ዛላው ሰፋ ረዘም ያለ፣ ሲደርቅ ጠቆር ያለ ቀይ። ጋሼ የእኔን የምጣድ በርበሬ ታሪክ ሲሰሙ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር ይዘውልኝ መጡ። «አሁን ዝሪው፣ ሰኔ ላይ ትተክይዋለሽ» አሉኝ። ቀጥለውም «በርበሬ እግሩ ሲረጥብ ይታመማል፤ መደብ ሥሪለት» አሉ።

ዘሩን ዘራሁት፣ ሰኔ ላይም 14 ችግኝ ተከልኩ። መደቡን ግን አልሠራሁም። ማን ይቆፍራል ብዬ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንዱ ተክል ቀን ቀን ይጠወልግና ማታ ይነሳል። በሦስተኛው ቀን አልተነሳም። እኔ ደግሞ ውሃ የጠማው መስሎኝ በዚያ ዝናብ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ጨመርኩለት! ስነቅለው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ግንድ ጠቁሯል፣ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ላዩ በጣቴ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንሸራቶ ወጣ። እርጥበት የሚወድ የሥር በሽታ ነው። በዚያ ክረምት ከ14ቱ 9ኙ ሞቱ። አስታውሱልኝ፦ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ የሚፈልገው ውሃ አይደለም። እንዲህ ያለውን መንቀል፣ ከኮምፖስት ጋር አለመደባለቅ፣ ቦታው ላይም ቢያንስ ለሦስት ዓመት በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ድንችና ደበርጃን አለመትከል ነው። አራቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ በሽታቸውንም ይዋዋሳሉ።

የተረፉት አምስቱ መስከረም ላይ አማረባቸው። ጥቅምት ላይ አበቡ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ስወጣ ነጫጭ አበባው መሬት ላይ ተበትኖ አገኛለሁ። ሁለት ሦስት ፍሬ ቢይዙም አውራ ጣቴን ሳያክሉ እዚያው ቆሙ። ጋሼም ግራ ገባቸው፤ «እኛ ጋ በዚህ ወር ዛላው ተንዠርግጎ ቅርንጫፍ ይሰብራል» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ከግድግዳ ሰዓት ጋር የሚሸጥ ርካሽ ቴርሞሜትር ጓሮ ላይ ከሰቀልኩ በኋላ ነው። ኅዳር 12 ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ 7 ዲግሪ ይላል።

በርበሬ መነሻው ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው፣ ብርድ አይወድም። ሌሊቱ በቀዘቀዘ ቁጥር የአበባው ብናኝ ይደክማል፣ ፍሬ ሳይቋጠር አበባው ይረግፋል። ማረቆም ሆነ ሌላው የበርበሬ አገር ሃላባ ከእኛ ብዙ ዝቅ ያሉ ናቸው። የጋሼ የዘር ወቅት ለማረቆ ትክክል ነው፤ ሰኔ ተክለው ከኅዳር ጀምረው ይለቅማሉ። እኛ ጋ ግን ያው የዘር ወቅት አበባውን ወስዶ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ብርድ ጋር ያላትመዋል። ይህን ለጋሼ እንዴት እንደምነግራቸው ብዙ ቀን አስቤ፣ በመጨረሻ ቴርሞሜትሩን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩትና «ታዲያ ጥር ላይ ዝሪያ» አሉ። እሳቸው ያሉኝ የመደቡ ነገር ግን አንድ ቃል አይጎድለውም ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊቱ ሻል የሚለው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው። ስለዚህ አበባውን እዚያ ውስጥ ማስገባት አለባችሁ፤ ይህ ማለት ችግኙ መጋቢት ላይ መሬት መግባት አለበት፣ እንዲህ እንዲሆን ደግሞ ዘሩ ጥር ላይ መነሳት አለበት። ጥር ቀዝቃዛ ነው፣ ሜዳ ላይ አይበቅልም። ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው።

2013 ላይ ሁለት የማብቀያ ዘዴ ጎን ለጎን ሞከርኩ። 20 ፍሬ በኩባያ አፈር ዘርቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩ፤ የመጀመሪያው ብቅ ያለው በ23ኛው ቀን ነው። ሌላውን 20 ፍሬ ለብ ባለ ውሃ አሳድሬ፣ በረጠበ ሶፍት ጠቅልዬ፣ በፌስታል አድርጌ አሮጌው ፍሪጃችን ላይ ጫንኩት፤ በ9ኛው ቀን ነጭ ጭራ አወጣ። ዘሩ የሚፈልገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ነው፣ ብርሃን ገና አያስፈልገውም። የአንዳንድ አዲስ ፍሪጅ አናት አይሞቅም፤ እጃችሁን ጭናችሁ እዩት። እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ ምጣዱ ያለበት ጥግ ይሆናል፣ ምጣዱ ላይ ግን አታድርጉት፤ እንደ እናቴ በርበሬ ይሆናል። በየቀኑ ፌስታሉን ከፍቶ ማናፈስ፣ ሶፍቱ ከደረቀ ማርጠብ ነው። ሚጥሚጣ ይዘገያል፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ተስፋ አትቁረጡበት።

ጭራ ያወጣውን በጥንቃቄ አንስታችሁ፣ ታቹ በተበሳ የእርጎ ኩባያ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ለሁለት የተቆረጠ ሃይላንድም ጥሩ ነው፣ የላይኛው ግማሽ ክዳን ይሆነዋል። ልክ ብቅ ሲል ክዳኑ ይነሳና መስኮት ዳር ይቀመጥ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትቼው እንደ ክር ረዝሞ ተጣጠፈ። ሌላው የችግኝ ገዳይ የእኛው ርኅራኄ ነው። ጠዋት ማታ ሳጠጣ ስድስቱ አንገታቸው ቀጥኖ ተኝተው አደሩ። አሁን ኩባያውን ሰፋ ባለ ትሪ ላይ አድርጌ ውሃውን ትሪው ላይ ነው የማፈሰው፤ አፈሩ ከታች ስቦ ይጠጣል፣ የተረፈውን እደፋዋለሁ። ላዩ ደረቅ እስኪመስል ድረስ አልደግምም።

መደቡን በዚያው ዓመት ሠራሁት። በብሎኬት ከብቤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግሁት። አሸዋ ጨምሪበት ያሉኝ ነበሩ፣ ጨምሬም ነበር፤ ጥቂት አሸዋ ከመረሬ ጋር ሲደባለቅ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው የሆነብኝ። የተሳካልኝ ቀይ አፈር አስመጥቼ ሦስት እጁን ከአንድ እጅ ኮምፖስት ጋር ሳደባልቅ ነው። ፍግ ካገኛችሁ ቢያንስ ሦስት አራት ወር ይብሰል፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ቦታውም ወሳኝ ነው። የእኔ መደብ ከሰርቪሱ ግድግዳ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ነው። ብሎኬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። በእጄ ዳስሼ ነው ያወቅሁት፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳው ገና ለብ ያለ ነበር። ከግድግዳው በ40 ሴንቲ ሜትር የቆሙት ተክሎች ከመሐል ካሉት ይልቅ ዘንድሮም ቀድመው ነው ፍሬ የያዙት።

ችግኙ አምስት ስድስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወዲያው ሜዳ ላይ አይጣልም። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ቦታ፣ በማግሥቱ ሁለት ሰዓት፣ እንዲህ እያሉ ሳምንት አሥር ቀን ፀሐይና ነፋስ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቅጠሉ እንደ ወረቀት ነጥቶ ይቃጠላል። ተከላው ከአሥር ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በተክልና በተክል መሐል 30፣ በመስመርና በመስመር መሐል 70 ሴንቲ ሜትር። ቦታው ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፣ እኔም እያጠጋጋሁ ተክዬ ነበር፤ ክረምት ላይ ነፋስ ስለማያልፍበት በሽታው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። በተከልኩ በሁለተኛው ሌሊት ሦስት ችግኝ በመቀስ እንደተቆረጠ መሬት ላይ ተጋድሞ አገኘሁ። አፈሩን በጣቴ ስጭር ግራጫ ወፍራም ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቆራጭ ትል ይባላል። ከሃይላንድ የቆረጥኩትን ቀለበት ችግኙን አስገብቼ ሁለት ጣት ያህል አፈር ውስጥ ከተከልኩት ወዲህ አንድም አልተቆረጠብኝም።

ዩሪያ! ይህን ሳልናገር አላልፍም። 2013 ግንቦት ላይ ተክሉ ደህና ነበር፤ አንድ ወዳጃችን ዩሪያ ብትነሰንሺበት እጥፍ ይሆናል ብሎ በሻይ ማንኪያ ሰጠኝ። እውነትም እጥፍ ሆነ፣ ቅጠሉ። ወገቤ ድረስ ደረሰ፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ሰፋ፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ አደነቀ። ፍሬ የለም። ናይትሮጅን ሲበዛበት ተክሉ ቅጠል እየሠራ አበባውን ይረሳል፣ ለስላሳውን ቅጠል ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ትንንሽ ተባይ ይወደዋል። አሁን ኮምፖስቱን ሲተከል አንዴ፣ ማበብ ሲጀምር አንዴ እሰጣለሁ፣ ጥቂት የከሰል ሳይሆን የእንጨት አመድ እበትናለሁ፣ በቃ። አመዱም ቢሆን እፍኝ ነው፤ ሲበዛ አፈሩን ያበላሻል።

ውሃ እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ብዙ ሰው ለዚህ ነው አትክልት የማይሞክረው። ለበርበሬ ግን እንደሚባለው አያስቸግርም። በየሦስት ቀኑ ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን፣ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት በየቀኑ ከመርጨት ይሻላል። ጎመንና ሰላጣ ያጠብንበትን ውሃ በባልዲ አጠራቅማለሁ፤ ሳሙና የነካውን አይደለም። መደቡን በደረቅ ሳር መሸፈን ደግሞ ውሃውን ያቆየዋል። አንዳንዴ የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ይሆናል። መጀመሪያ በሽታ መስሎኝ ሁለት ተክል ነቅያለሁ። አይደለም፤ አንዴ ድርቅ አንዴ ጎርፍ ሲሆንበት ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ድረስ አይደርስለትም፣ ያው ነው። ውሃውን ሳስተካክል የሚቀጥሉት ፍሬዎች ንጹሕ ሆነው ወጡ።

ክሽክሽ ከቅጠሉ ጀርባ ነው የሚሰፍረው፣ ስለዚህ ቅጠል መገልበጥ ልመዱ። ቅጠሉ ካጣበቀና ጉንዳን ግንዱ ላይ ከተመላለሰ አለ ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጌ ማታ ማታ ከታች ወደ ላይ እረጫለሁ፤ በሦስተኛው ቀን እደግማለሁ። ከክሽክሹ የባሰው ይዞት የሚመጣው ነው። ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ ከተኮማተረ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። በአገራችን በርበሬ ላይ ተገኝቶ ስሙም በኢትዮጵያ የተሰየመ የበርበሬ ቫይረስ አለ፣ ክሽክሽ ነው የሚያስተላልፈው። እንዲህ የሆነውን ሳትራሩ ንቀሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ እጁን ሳይታጠብ ችግኝ ባይነካ ይመረጣል፤ ከትምባሆው የሚተላለፍ ሌላ ቫይረስ አለ። ባለቤቴ ይህን ስነግረው ሰበብ ፈልጌ ሲጋራ ላስቆመው የፈጠርኩት መስሎት ነበር።

ዶሮ ካላችሁ ደግሞ አጥሩ። «በርበሬ ስለሆነ አይነኩትም» ብዬ ነበር። ወፍ ሚጥሚጣውን እየዋጠ ሲሄድ ሳይ ነው የነቃሁት፤ ዶሮም ወፍም ማቃጠሉ አይሰማቸውም። ዶሮዋ ቀዩን እየመረጠች ነው የበላችው።

ከሰኔ መጨረሻ በኋላ ያለው ሥራ ዝናብ መከላከል ነው። በመደቡ አራት ማዕዘን እንጨት ተክዬ ነጭ ላስቲክ ከላይ ብቻ ወጥሬበታለሁ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው። ጎኑን ብትዘጉት ውስጡ ይታፈንና ሻጋታ ይወርሰዋል፤ ያንንም ሞክሬ አይቻለሁ። ላስቲኩ አንድ ወገን ዘንበል ይበል፣ አለዚያ በረዶ የዘነበ ቀን ተሸክሞት ይወርዳል። ብርዱ ሲመጣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ማታ ማታ በማዳበሪያ እሸፍነዋለሁ። ማዳበሪያ የምለው ጆንያውን ነው፤ አንዷ ጎረቤቴ ተሳስታ ሌላውን ልትደፋበት ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይገለጣል።

ምን አገኘሁ? 2014 ላይ፣ መጋቢት 14 ቀን የተከልኩት የመጀመሪያውን ቃሪያ ሰኔ 20 ሰጠኝ። ከዚያ እስከ ጥቅምት ድረስ 12 ተክል በቅቶኝ ቃሪያ ከገበያ ገዝቼ አላውቅም፤ ለጎረቤትም ተርፏል። ፆም ሲሆን ስንግ ነው። እናቴ ቃሪያውን በቁመቱ ሰንጥቃ በማንኪያው እጀታ ነጩን ጅማት ስትፍቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው ያስተዋልኩት፤ ማቃጠሉ ያለው እዚያ ፍሬው በተጣበቀበት ነጭ ጅማት ላይ ነው እንጂ ፍሬው ራሱ አያቃጥልም፤ ፍሬው የሚለበልበን ጅማቱን ስለነካ ነው። ለልጆች የምትሠሩ ከሆነ ፍሬውን እየለቀማችሁ ጅማቱን አትተዉ። ቃሪያ በተቀጠፈ ቁጥር ተክሉ ሌላ ያብባል፤ ከላይ ቀይ እስኪሆን የምትተዉት ካለ ከሁለት ሦስት ተክል በላይ አይሁን።

በርበሬውን በተመለከተ ግን እውነቱን ልናገር። በዚያው ዓመት አምስቱን ተክል ለበርበሬ ትቼ፣ 3 ኪሎ ተኩል ቀይ ለቅሜ፣ በፀሐይ ሳደርቀው 700 ግራም ሆነ። እናቴ ለዓመት የምታስደልዘው 15 ኪሎ ነው! በአዲስ አበባ ጓሮ የቤት በርበሬ ይሸፈናል የሚላችሁ ሰው አልሞከረውም። ቦታችሁ ጠባብ ከሆነ ለቃሪያና ለሚጥሚጣ ትከሉ፤ በርበሬውን ሞቃት አገር ላለው ገበሬ ተዉለት።

ሚጥሚጣ እንደውም ከሁሉም ያተረፈኝ ነው። ሦስት ተክል አለኝ፣ ሁሉም 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ። ባልዲው ታች ስድስት ቀዳዳ አለው፣ ከቀዳዳው ላይ የብሎኬት ስባሪ፣ ከዚያ አፈሩ። ክረምት ሲመጣ ባልዲውን እያንከባለልኩ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስገባዋለሁ፣ ብርድ ሲመጣ በረንዳ ላይ። ሰው የማያውቀው ነገር፣ በርበሬም ሚጥሚጣም ውርጭ ካላገኘው በዓመቱ አይሞትም። አንደኛው ባልዲ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ጥር ላይ ግማሽ ድረስ እቆርጠዋለሁ፣ የላይኛውን አፈር እቀይርለታለሁ፣ መጋቢት ላይ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቀይ ሲሆን በመርፌና በክር ሰክቼ ወጥ ቤት እሰቅለዋለሁ። ማፍራት ከጀመረ በኋላ ውሃ ትንሽ ሲያጥረው ይበልጥ ያቃጥላል ይባላል፤ በእኔም ያየሁት እንደዚያው ነው፣ ፍሬው ግን ያንሳል።

መፍጨቱን በተመለከተ አንድ ምክር፦ ሳሎን ውስጥ አትፍጩ። የመጀመሪያ ጊዜ አንድ ኩባያ ደረቅ ሚጥሚጣ ከኮረሪማና ከጨው ጋር ሚክሰር ውስጥ አድርጌ ፈጨሁና ወዲያው ክዳኑን ከፈትኩ። ልጄ ከመኝታ ቤት እያስነጠሰች ወጣች፣ ባለቤቴ እየሳለ ውጭ ወጣ፣ እኔ እንባና ንፍጤ አንድ ላይ። ቀን ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ ማስክ አድርጋችሁ ፍጩት፤ ክዳኑንም ለአሥር ደቂቃ አትክፈቱ። እጃችሁን ካቃጠላችሁ ውሃ አይረዳም፤ መጀመሪያ በዘይት አሽታችሁ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። አፋችሁን ከሆነ ወተት ወይም እርጎ። ዓይን ሌንስ የምታደርጉ ሰዎች በዚያ ቀን ሌንሱን በዚያ እጅ አታውጡ፤ ይህን እህቴ ትመስክር።

ዘር በተመለከተ፣ ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ አልገዛሁም። የምመርጠው ትልቁን ዛላ ሳይሆን ብዙ የያዘውንና ያልታመመውን ተክል ነው። ዛላው እተክሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀላ፣ መሸብሸብ ሲጀምር ይቀጠፍ፣ ፍሬው ወጥቶ በወረቀት ላይ ጥላ ቦታ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡት፣ ይሻግታል፤ ኤንቨሎፕ ነው የሚሆነው፣ ላዩ ላይ ዓመቱና የተክሉ ቦታ ይጻፍበት። የፈረንጅ ቃሪያ አጠገቡ ተክላችሁ ከሆነ «ተዳቅሎ የፈረንጁ ያቃጥላል» የሚባለው የዚያኑ ዓመት ፍሬ አይመለከትም። የሚዳቀለው ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ነው፤ ያንን ዘር በሚቀጥለው ዓመት ስትዘሩት ነው ጉዱ የሚወጣው። ለእኔ 2016 ላይ ወጥቶብኛል። ለሰላጣ ብዬ ያበቀልኩት ደብልብል ያለ፣ የሚያምር የፈረንጅ ቃሪያ አማቴን ማዕድ ላይ አስለቀሳቸው። አሁን ለዘር የምፈልገውን ቅርንጫፍ ገና አበባው እንቡጥ ሳለ በነጠላ ቅዳጅ ሸፍኜ አስረዋለሁ፣ ፍሬ ሲይዝ ፈትቼ ቀይ ክር አስርበታለሁ።

የዘንድሮው ኤንቨሎፕ ላይ «ከግድግዳው ሥር፣ ሦስተኛዋ» የሚል ነው የተጻፈው። ከላይ ፍሪጁ ላይ የምትወጣው ጥር 10 ነው፤ ጋሼም አሥር ፍሬ አስቀምጭልኝ ብለውኛል።